ሁለተኛ ገንዳ ሳትገዙ ክሪብ ማራባት

ሐዋሳ ውስጥ መስታወት እቆርጣለሁ። መስኮት፣ የሱቅ ቪትሪን፣ የመታጠቢያ ቤት መስታወት፤ አልፎ አልፎ ደግሞ አኳሪየም። አኳሪየም ያሠራ ደንበኛ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይመጣል። «ዓሣ ላራባ ነው፣ ሌላ ትንሽ ገንዳ ሥራልኝ» ይላል። ብሠራለት ገቢዬ ነው። ግን ሳሎናችሁ ውስጥ ሌላ ገንዳ፣ ሌላ ሂተር፣ ሌላ ፓምፕ ከመደርደራችሁ በፊት ስሙኝ። እንደ ክሪብ ያሉ ሲክሊድ የሚባሉ ትንንሽ ዓሣዎች ከሌሎች ዓሣዎች ጋር በሚኖሩበት በዚያው ገንዳ ውስጥ ይራባሉ፣ ልጆቻቸውንም ያሳድጋሉ። ዋናው ሥራ ወለሉን ማካፈል ነው።

ሲክሊድ ስል እንግዳ ነገር እንዳይመስላችሁ። አሞራ ገደል ሄዳችሁ የምትበሉት ቆሮሶ ራሱ ሲክሊድ ነው። የቆሮሶ እናት እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ትፈለፍላለች። እኔ የማወራላችሁ ትንንሾቹ ዘመዶቹ ግን ዋሻ ፈልገው እዚያ ይጥላሉ። ከዚያ እናት ከውስጥ፣ አባት ከውጭ ሆነው ይጠብቃሉ። ቤቱ ሙሉ ሰው ቴሌቪዥን ትቶ ገንዳ ላይ የሚያፈጥበት ጊዜ ይህ ነው።

ውሃችሁን እዩና ዓሣ ምረጡ

ብዙ ሰው ፎቶ አይቶ ይጀምራል። ራም የሚባለውን፣ ሰማያዊ ነጠብጣብ ያለበትን ዓሣ ያይና ልቡ ይሸፍታል። አይፈረድበትም፣ ቆንጆ ነው። ግን ራም የመጣው ከቬንዝዌላና ከኮሎምቢያ የኦሪኖኮ ሜዳ ነው። ለስላሳ (ማዕድን ያነሰው)፣ ወደ አሲድ ያደላ፣ 28 ዲግሪ አካባቢ የሞቀ ውሃ ይፈልጋል። የኛ የስምጥ ሸለቆ ውሃ ብዙውን ጊዜ የዚህ ተቃራኒ ነው። የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ ስለሌለው ማዕድኑ እዚያው ይጠራቀማል። በስምጥ ሸለቆው ያለው የጉድጓድ ውሃም ብዙው አልካላይን ነው፤ ጥርስ የሚያበልዘው ፍሎራይድም አለበት። የቧንቧው ደግሞ እንደ ሰፈሩ ይለያያል። ስለዚህ የፒኤች፣ ማለትም የውሃውን አሲድነትና አልካላይንነት፣ መለኪያ ወረቀት ፈልጉና ለኩ። ስትለኩ አሁን የቀዳችሁትን ሳይሆን ክፍት ባልዲ ውስጥ ያደረውን ይሁን።

ከ7 በላይ፣ ማለትም አልካላይን፣ ከሆነ ክሪብ ግዙ። ሙሉ ስሙ ክሪቤንሲስ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ፔልቪካክሮሚስ ፑልቸር ይባላል። አገሩ ደቡብ ናይጄሪያና ካሜሩን ነው። ወንዱ እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፣ ሴቷ ከዚያ ታንሳለች። ውሃው ትንሽ ቢጎረብጠውም ችሎ ይኖራል። «እኔ የግድ የደቡብ አሜሪካ ዓሣ እፈልጋለሁ» ካላችሁ አፒስቶግራማ ከሚባሉት ትንንሽ ሲክሊዶች ካካቱኦይደስ የሚባለው ይሻላል፤ ከወንድሞቹ ይልቅ ቻይ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ግን እኔ ክሪብ ነው የምለው።

አንድ ነገር ግን እወቁ። የክሪብ ጫጩት ወንድ ወይም ሴት የሚሆነው በከፊል በውሃው ፒኤች ነው። አሲድ ሲያመዝን ወንድ ይበዛል፣ ወደ አልካላይን ሲሄድ ሴት ይበዛል። ስለዚህ ሐዋሳ ላይ ያሳደጋችሁት ጫጩት አብዛኛው ሴት ቢሆን ሻጩን አትርገሙ።

ይህን ለማመጣጠን ክረምት ላይ የዝናብ ውሃ መቀላቀል ይቻላል። ከቆርቆሮ ጣሪያ የወረደውን ግን ተዉት። ቆርቆሮው የተለበጠው በዚንክ ነው፤ ዚንክ ደግሞ ለዓሣ መርዝ ነው። ንጹህ የላስቲክ ሸራ ግቢ ውስጥ ወጥራችሁ በቀጥታ አጠራቅሙ። ሲጀምር የሚዘንበው አቧራውን ይጠብ፣ እሱን አፍስሱት። ስትቀላቅሉም በአንድ ቀን ሳይሆን ውሃ በቀየራችሁ ቁጥር ትንሽ ትንሽ እያላችሁ ነው።

የሐይቁን ውሃ በጀሪካን ቀድቶ ማምጣት የሚባል ሐሳብ አለ። ጥገኛ ትልና በሽታ ወደ ቤት መጋበዝ ነው።

ገንዳው

ደንበኞቼ ረጅምና ቀጭን ገንዳ ይወዳሉ። ለጌጥ ያምራል። ለሲክሊድ ግን ቁመት ጥቅም የለውም፣ የሚፈልጉት የወለል ስፋት ነው። 80 በ40 በ40 ሴንቲ ሜትር አሠሩ። ወደ 120 ሊትር ይይዛል፣ ለአንድ ጥንድ ክሪብና ለጎረቤቶቻቸው ይበቃል። መስታወቱ 6 ሚሊ ሜትር ይሁን። ባዶውን ወደ 19 ኪሎ ይመዝናል። ውሃና አሸዋ ሲገባበት ከ150 ኪሎ ያልፋል፤ ስለዚህ የቴሌቪዥን ጠረጴዛ ላይ እንዳታስቀምጡት። ከሥሩ ፎም አንጥፉ።

ሲሊኮኑን ጠይቁ። ሲቀባ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው፣ ምንም ያልተጨመረበት ነው ጥሩ። ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው ሻጋታ መከላከያ መድኃኒት ስላለበት ዓሣ ይገድላል። ሁለቱም ቱቦ ከሩቅ አንድ ይመስላሉ፣ ስለዚህ ጽሑፉን አንብቡ። ከተጣበቀ በኋላም ሽታው እስኪጠፋ ቢያንስ ሳምንት ጠብቁ።

አሸዋው ደቃቅ ይሁን፤ ክሪብ በአፉ እየዛቀ ይቆፍራል። ውሃው ጥርት እስኪል እጠቡት። ድንጋይ ካመጣችሁ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ጠብ አድርጉበት፤ አረፋ ካወጣ ኖራ አለበት፣ ውሃውን የበለጠ ያከብደዋል። በየመንገዱ የሚገኘው ቀላሉ ነጣ ያለ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ደግሞ ይንሳፈፋል፣ አትድከሙ።

ፊልተሩ በአየር ፓምፕ የሚሠራ ስፖንጅ ቢሆን እመርጣለሁ። ጫጩት አይስብም፣ ርካሽ ነው። ሁለት መውጫ ያለው ፓምፕ ገዝታችሁ በሁለቱም ጫፍ አንዳንድ ስፖንጅ አድርጉ። ስፖንጁ ሲቆሽሽ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ጭመቁት። የቧንቧ ክሎሪን ስፖንጁ ላይ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይገድላል። እነዚህ ባክቴሪያዎች አዲስ ገንዳ ውስጥ ለመደላደል ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጅባቸዋል፤ እስከዚያ ክሪብ አታስገቡ።

ሂተር ያስፈልጋል። «ሐዋሳ ሞቃት ነው» የሚል ሰው የኅዳርና የታኅሣሥን ሌሊት ረስቶታል። 100 ዋት ይበቃል፣ 26 ዲግሪ ላይ አድርጉት። እጃችሁን ውሃ ውስጥ ከማስገባታችሁ በፊት ግን ሶኬቱን ንቀሉ።

ዋሻና ድንበር

ለዋሻ ከሸክላ የተሻለ ነገር አላውቅም። ገበያ ሄዳችሁ ትንሽ የሸክላ ዕቃ ግዙ፣ ግን ያልተሟሸ ይሁን። ቅቤና ዘይት የጠጣ የወጥ ድስት፣ ወይም ዕድሜውን ሙሉ ቡና የፈላበት ጀበና አይሆንም፤ ቅባቱ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። አፉን ወደ ታች ደፍታችሁ ጠርዙ ላይ ሴቷ የምትገባበት ያህል ሸርፉለት፤ ወንዱ ተጣቦ የሚገባበት ይሁን። ሰፊ በር ያለው ዋሻ አይወዱም። ሸክላው ጣሪያ ያለው መሆኑ የግድ ነው፤ እንቁላሉን የሚለጥፉት ጣሪያው ላይ ነው።

ሁለት ሦስት ዋሻ አድርጉ፣ የሚመርጡት እነሱ ናቸው። ሁሉንም ግን ገንዳው አንድ ጫፍ ላይ ሰብስቡ። በራቸው ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ መስታወት ይዙር፣ ወደ ሳሎን አይሁን። ከዚያ ወለሉ መሀል ላይ ድንጋይና ተክል ደርድራችሁ ግድግዳ መሳይ ነገር ሥሩ። ክሪብ ድንበሩን የሚለካው በዓይኑ ነው፤ ከግድግዳው ማዶ ያለውን ካላየ አይጣላውም። የሌሎቹ መደበቂያና ምግብ የሚጣልበት ቦታ በሌላኛው ጫፍ ይሁን።

የደረቀ የዘይቱን ቅጠል ጥቂት ጣሉበት። ቀስ እያለ ይበሰብሳል፣ ላዩ ላይ የሚበቅለውን ረቂቅ ነገር ጫጩቶቹ ይለቅሙታል። የአቮካዶ ቅጠል ግን መርዝ አለው፣ ባሕር ዛፍም ዘይት አለው። ሐዋሳ ግቢ ውስጥ ሁለቱም ሞልተዋል፣ ተጠንቀቁ።

ጎረቤቶች

እዚህ ላይ ነው ብዙው ሰው የሚወድቀው። ከወለል የማይነሳ ዓሣ ከክሪብ ጋር አታስገቡ። ኮሪዶራስ ደግ ዓሣ ነው፤ ግን ድንበር የሚባል ነገር አይገባውም። ቢባረርም ተመልሶ ይሄዳል፣ መጨረሻ ላይ ተቀጥቅጦ ይሞታል። መስታወት ላይ የሚለጠፈው ፕሌኮ በበኩሉ ሌሊት ሌላው ሁሉ ሲተኛ ዋሻ ገብቶ እንቁላሉን ይልሳል። ኤንጅልፊሽ ጫጩት አይምርም። ጎልድፊሽ ቀዝቃዛ ውሃ የሚወድ፣ ውሃ የሚያቆሽሽ ዓሣ ነው፣ እዚህ ቦታ የለውም። ጋፒ የኛን ውሃ ይወዳል፤ ችግሩ ረጅም ጅራቱ ነው፣ ክሪብ ይነጨዋል።

እኔ የምመርጠው ሶርድቴልና ዜብራ ዳንዮ ነው። ፈጣን ናቸው፣ ከላይና ከመሀል ይዋኛሉ፣ ከባድ ውሃም አይከብዳቸውም። ደግሞ ይጠቅማሉ። ክሪብ ፈሪ ነው፤ ከላይ ሌሎች ዓሣዎች በሰላም ሲዋኙ ካየ አደጋ እንደሌለ ያውቃል፣ ከዋሻው ይወጣል። የሚያባርረው ጎረቤት ስላለውም ከሚስቱ ጋር አይጣላም። ባዶ ገንዳ ውስጥ ብቻቸውን የተቀመጡ ጥንዶች እርስ በርስ ሲደባደቡ ይታያል። ለኔ የጋራ ገንዳ ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው። ዳንዮዎቹ ከጫጩቶቹ ጥቂቱን መብላታቸው አይቀርም፤ ዋጋው ነው።

80 ሴንቲ ሜትር ገንዳ ውስጥ ከአንድ ጥንድ በላይ አይኖርም። ሁለት ሴቶችም ይጣላሉ። ከተቻለ አምስት ስድስት ትንንሽ ገዝታችሁ ራሳቸው እንዲመራረጡ ተዉአቸው፤ ሁለቱ ከተጣመሩ በኋላ የቀሩትን መልሱ ወይም ለሰው ስጡ። ወንዱ ረዘም ያለ ነው፣ የጀርባ ክንፉ ጫፍ ይሾላል። ሴቷ ክብ ትላለች፣ ሆዷ እንደ ደረሰ እንጆሪ ይቀላል።

ከፍቅር እስከ ጫጩት

ጥሩ ምግብ ስጧቸው። የተከተፈ የመሬት ትል፣ ተቀቅሎ የተላጠ አተር፣ የደረቀ የዓሣ ምግብ እያፈራረቃችሁ። የትንኝ እጭ ሁሉም ዓሣ ይወዳል። ሐዋሳ ግን የወባ አገር ነው፤ ባልዲ ከፍቶ ትንኝ ማራባት በጎረቤት ላይ መፍረድ ነው፣ አልመክርም።

ለሁለት ሳምንት ያህል ደህና ከበሉ በኋላ ከውሃው ሩቡን ትንሽ ቀዝቀዝ ባለ ውሃ ቀይሩ። ዝናብ የመጣ ይመስላቸዋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ያላችሁ ከሆነ ለዓሣው ብቻ የሚሆን ክዳኑ የተከፈተ በርሜል ይኑራችሁ። ላዩን በሻሽ ሸፍኑት፣ ክሎሪኑ ይወጣል፣ ትንኝ አይገባም። የፈረቃው ቀን ያለፈ ቢሆንም ችግር የለም።

ክሪብ ላይ ቀድማ የምትሽኮረመመው ሴቷ ናት። ቀይ ሆዷን ወደ ወንዱ አጥፋ ትንቀጠቀጣለች። ከዚያ አሸዋ እየዛቁ የዋሻውን በር ያጠባሉ። አንድ ቀን ሴቷ ትጠፋለች። ለምግብ ብቅ ትልና ወዲያው ትመለሳለች። ወንዱ በር ላይ ሆኖ የመጣውን ሁሉ ያባርራል። በቃ፣ እንቁላል አለ። ባትሪ አብርታችሁ አትመልከቱ፣ ሸክላውን አታንሡ። የተረበሸች እናት እንቁላሏን ትበላለች።

ሦስት ቀን አካባቢ ይፈለፈላሉ፤ ከዚያ አራት አምስት ቀን መዋኘት ሳይችሉ ዋሻው ውስጥ ይንቀጠቀጣሉ። እንቁላል ከተጣለ ሳምንት ሲያልፈው እናቲቱ አቧራ የመሰለ ነገር እየመራች ትወጣለች። የመጀመሪያውን ጊዜ ወጣት ወላጆች ሁሉንም ሊበሉ ይችላሉ። የተለመደ ነው፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ እንደገና ይጥላሉ። ጥንዱን አትለያዩ።

አሁን የሙያዬን ነገር ልንገራችሁ። ጫጩቶቹ ከወጡ በኋላ ጎረቤቶቹ ካስቸገሩ፣ ወይም ክሪቦቹ ሌሎቹን ጥግ አስይዘው መውጫ ካሳጧቸው፣ አካፋይ መስታወት አስቆርጡ። 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይበቃል። ገንዳው በ6 ሚሊ መስታወት ከተሠራ ውስጡ ከፊት እስከ ኋላ 38.8 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የአካፋዩን ወርድ 38 አስቆርጡት። በሁለቱም ጎን 4 ሚሊ ያህል ክፍተት ይቀራል፣ ውሃ ያልፋል፣ ትልቅ ዓሣ አያልፍም። ጠርዙን በደንብ አስሞርዱት። ቀጭን የአየር ቱቦ ቆራርጣችሁ፣ ጎኑን ሰንጥቃችሁ ጠርዙ ላይ ከላይና ከታች አልብሱት፤ ሳይንሸራተት ጥብቅ ብሎ ይቆማል። የታችኛውን ጠርዝ አሸዋው ውስጥ ቅበሩት። ወላጆቹ ጠላታቸውን በመስታወት ማዶ እያዩ መጠበቃቸውን ይቀጥላሉ፣ ጎረቤቶቹም ያርፋሉ። ከሁለተኛው ገንዳ በብዙ ይረክሳል።

ስለ ምግብ። የክሪብ ጫጩት ከሌሎቹ ጋር ሲተያይ ትልቅ አፍ አለው። የዓሣ ምግብ በጣታችሁ ፍጩ፣ በትንሽ ውሃ በጥብጡ፣ በስሪንጅ ወይም በቀጭን ቱቦ ጫጩቶቹ መሀል ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። መጀመሪያ ግን በሌላኛው ጫፍ ለጎረቤቶቹ ጣሉ፣ እዚያ ይሰብሰቡ። ወላጆቹ ትልቅ ቁራሽ አኝከው ለልጆቻቸው ሲተፉላቸው ታያላችሁ። የተቀቀለ የእንቁላል አስኳልም ይሆናል፤ መርፌ ጫፍ የምታህል ብቻ፣ ውሃውን በአንዴ ያበላሻል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ያለው የአርቴሚያ (በጨዋማ ውሃ የሚኖር ደቃቅ ሽሪምፕ መሳይ ፍጥረት) እንቁላል ያስመጣ። በጨዋማ ውሃ፣ በሃይላንድ ጠርሙስ፣ አየር እየገባበት ከአንድ እስከ አንድ ቀን ተኩል ውስጥ ይፈለፈላል። ከሱ የተሻለ የጫጩት ምግብ አላየሁም። ለጫጩት በቀን ሦስት አራት ጊዜ ትንሽ ትንሽ ስጡ። ውሃውንም በሁለት ቀን አንዴ ከአሥር እጅ አንዱን ቀይሩ። የምትቀዱበትን ቱቦ አፍ በስቶኪንግ ሸፍኑት።

ማታ ማታ ወላጆቹ ጫጩቶቹን በአፋቸው እየለቀሙ ዋሻ ያስገባሉ። ለዚህ የሚሆን ጊዜ ስጧቸው። የገንዳውን መብራት አጥፉና የሳሎኑን ለግማሽ ሰዓት ተዉት። መብራት በድንገት ሲሄድ ግን ምን ይደረጋል፤ ጫጩቱ በየቦታው ይበተናል። ትንሽ የሶላር መብራት ከገንዳው ራቅ አድርጋችሁ አብሩላቸው።

መብራት ለሰዓታት ከጠፋ ምግብ አትስጡ። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ካላችሁ ጥሩ። ከሌላችሁ በስኒ ከገንዳው እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሳችሁ አፍስሱ፣ በየጥቂት ደቂቃው፣ ከጫጩቶቹ ራቅ ብላችሁ። ሌሊት ከሆነ ገንዳውን ከጎን በብርድ ልብስ ጠቅልሉት፣ ከላይ ግን አየር ይግባ።

ከዚያ በኋላ

ከአንድ ወር በላይ ሲሆናቸው ወላጆቹ ሌላ ልጅ ያስባሉ፤ ትልልቆቹን ማባረር ይጀምራሉ። ያን ጊዜ ጫጩቶቹን በመረብ አውጡ። ከአካፋዩ ማዶ ሊቆዩ ይችላሉ፣ ዳንዮ አፍ ውስጥ የማይገቡ ከሆነ። የሚሸጡትን ወይም የሚሰጡትን ሁለት ሴንቲ ሜትር እስኪያልፉ አቆዩ።

በዛብኝ ብላችሁ ወደ ሐይቁ እንዳትለቁ። በምንም ምክንያት። ክሪብ የሐዋሳ ሐይቅ ዓሣ አይደለም፣ በቆሮሶው የሚተዳደር ብዙ ሰው አለ።

አዲስ አበባ ለሚኖር ወዳጅ ከላካችሁ ከመንገዱ በፊት አንድ ቀን አታብሉ። ላስቲኩን ሲሶውን ውሃ፣ የቀረውን አየር ሙሉትና አጥብቃችሁ እሰሩ። በሌላ ላስቲክ ደርባችሁ ካርቶን ውስጥ ጋዜጣ ጠቅጥቁበት። የሚቀበላችሁ ሰው ላስቲኩን ሳይከፍት ገንዳው ላይ ለሃያ ደቂቃ ያህል ያንሳፍፈው፤ ከዚያ የገንዳውን ውሃ በስኒ ትንሽ ትንሽ እየጨመረ ያላምዳቸው፣ በመጨረሻም ዓሣዎቹን ብቻ በመረብ ያስገባ። የላስቲኩን ውሃ ይድፋው።